«ስቅም ሰው ነኝ፤ ስተው አውሬ እሆናለሁ»

ይድረስ ለምክር ዓምድ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምኖረው አዳማ ነው። ዕድሜዬ 33 ሲሆን በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጫት የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለፈተና ብዬ ነበር። አሁን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እቅማለሁ፤ እሑድን ግን ለቤቴ ብዬ አልነካውም። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ በቀጥታ ጓደኛዬ ቤት እሄዳለሁ። አራት ሆነን ከ12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንቀመጣለን። ከዚያ ለጨብሲ ሁለት ሦስት ቢራ ጠጥቼ እገባለሁ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ዓይኔ አይከደንም። ለባለቤቴ «ሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ነው» እላታለሁ። ከወር በፊት ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ገረባ አገኘች። ምንም አላለችኝም። ራት ሳትበላ እኔን መጠበቋን ብቻ ተወች።

ለመተው ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለተኛው የዛሬ ሦስት ወር ነበር፤ አራት ቀን ቆየሁ። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ሌሊት ዱካክ ደረቴ ላይ ይቀመጣል፤ ከገደል ስወድቅ እጮኻለሁ። በአራተኛው ቀን «ወጡ ቀጠነ» ብዬ ሳህኑን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ሆዷን ይዛ ደንግጣ ቆመች። በማግስቱ ወደ ጫቴ ተመለስኩ፤ ቤቱም ሰላም ሆነ። ስቅም ሰው ነኝ፤ ስተው አውሬ እሆናለሁ። ታዲያ ለእሷና ለሚወለደው ልጅ የትኛው ይሻላል?

ጓደኞቼ «ቅጠል እኮ ነው፤ ኬሚካል የለውም፤ ሱስም አይባልም» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ጨጓራዬን ልታይ ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴ 148 በ94 ነው ተባልኩ፤ እንደምቅም ግን አልተናገርኩም። ሚኒያፖሊስ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «የደረቀው ምንም የለውም፤ በእሱ ተክተህ ቀስ እያልክ ተው፤ ለእኔም በሻይ ቅጠል ስም ላክልኝ» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

*

ወንድሜ፣ ሳህኑን ሳትደብቅ መጻፍህ ቀላል ነገር አይደለም። እሱን ለእኛ መናገር የቻለ ሰው ለባለቤቱም መናገር አያቅተውም ብለን እናምናለን። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን አንድ ነገር እንጠይቅህ። «ስቅም ሰው ነኝ» ብለሃል። ያንን ሰው ባለቤትህ አግኝታው ታውቃለች?

ይህን የምንለው ልንወቅስህ አይደለም። መልሱ ያለው ሰዓቱ ላይ ስለሆነ ነው፤ ሰዓቱን ለመቁጠር ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጓደኞችህ ቅጠል ነው ማለታቸው ልክ ነው። ኬሚካል የለውም ማለታቸው ግን ቡና ፍሬ ስለሆነ ካፌይን የለውም እንደማለት ነው። ጫት ውስጥ አልካሎይድ የሚባሉ ብዙ ውሁዶች አሉ፤ አንተን የሚመለከቱት ሦስቱ ናቸው፤ ካቲኖን፣ ካቲን እና ኖርኤፌድሪን። ዋናው ካቲኖን ነው። አሠራሩ ሲታይ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሚለያቸው አምፌታሚን ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ባለበት ቦታ ካቲኖን ላይ አንድ ኦክስጅን መግባቱ ነው። አንጎል ውስጥ ሲደርስም የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው። የነርቭ ሴሎች ያጠራቀሟቸውን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ መልእክት አስተላላፊዎች ከማከማቻቸው ያስለቅቃል። ጨዋታው የሚጥመው፣ ዕቅዱ ሁሉ የሚሳካ የሚመስለው፣ ልብ የሚመታው፣ አፍ የሚደርቀው፣ ረሃብ የሚጠፋው ከዚህ የተነሳ ነው። ጉልበቱ ከአምፌታሚን ያንሳል፤ በማኘክ ቀስ እያለ ስለሚገባም እንደ እንክብል በአንድ ጊዜ አይወጣም። የቅጠሉ ብዛት ራሱ ገደብ ነው፤ ጉንጭ የሚይዘው ይታወቃል።

ካቲኖን ግን ዕድሜው አጭር ነው። በብዛት የሚገኘው ለጋው ጫፍ ላይ ነው። ቅጠሉ እየበሰለ ሲሄድ ዛፉ ራሱ ካቲኖኑን ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይለውጠዋል፤ ከተቆረጠ በኋላም ሲጠወልግና ሲደርቅ መቀነሱ ይቀጥላል። ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ውኃ የሚረጨው፣ ትናንት የተቆረጠው ዛሬ ዋጋው የሚወርደው፣ ቃሚው ከእስሩ ውስጥ ቀዩን ለጋ የሚለቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። ካቲን በ1930 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታውቆ ስለነበር ኬሚስቶች ለረጅም ጊዜ የጫት ጉልበት እሱ ይመስላቸው ነበር፤ የመረመሩት ባብዛኛው የደረቀ ቅጠል ነበርና። ካቲኖንን ከትኩስ ቅጠል ለይተው ያወጡት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የሐረርጌ ቃሚ ግን በምላሱ ቀድሟቸው ነበር።

ወደ አንተ እንምጣ። በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊግራም ካቲኖን፣ 120 ሚሊግራም ካቲን እና 8 ሚሊግራም ኖርኤፌድሪን ተለክቷል። እንደ አገሩ፣ እንደ ዓይነቱና እንደ ትኩስነቱ በጣም ይለያያል፤ ለግምት ግን ይበቃናል። በአንድ በርጫ 200 ግራም የምትበላ ከሆነ 72 ሚሊግራም ያህል ካቲኖንና 240 ሚሊግራም ያህል ካቲን ነው፤ በደንብ የሚያኝክ ሰው አብዛኛውን ጨምቆ ያወጣዋል። አሁን ሁለቱ ከደም የሚወጡበትን ፍጥነት ተመልከት። ካቲኖን በግምት በየአንድ ሰዓት ተኩሉ በግማሽ ይቀንሳል። ካቲን ግን ግማሽ ለመሆን አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

እንግዲህ ሰዓቱን እንቁጠር። 12 ሰዓት ላይ ጀመርክ። ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ የምርቃናው ከፍታ ነው፤ ይሳቃል፣ ይታቀዳል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ዝምታው ይመጣል፤ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ያወራል። አራት ሰዓት ላይ ተነሣህ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልክ ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ፣ ካቲኖኑ በግማሽ ወርዷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሩብ ቀርቶታል። ካቲኑ ግን 9 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። ስሜት የሚያነሣው ሄዷል፤ ልብ የሚያስመታውና ዓይን የሚያፈጠው ቀርቷል። ለዚህ ነው እነዚያ ሰዓታት እንዲህ የሚከብዱት። አልጋ ላይ ፈጠህ ትቀራለህ፤ የምታስበው ሁሉ ደግሞ ጨለማ ይሆናል።

አሁን ጥያቄያችንን እንመልሰው። ተጫዋቹን፣ ሩኅሩኁን፣ ባለ ዕቅዱን አንተን ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት የሚያገኙት ሦስቱ ጓደኞችህ ናቸው። ለባለቤትህ የሚደርሳት የአምስት ሰዓቱ ሰው ነው። ለእሷ ብለህ የተውካት እሑድስ? ስድስት ቀን ሲገባ የከረመው ነገር የሚጎድልባት ቀን ናት። ራስህን አመመህ፣ አንቀላፍተህ ዋልክ፣ በትንሹ ተነጫነጭክ። በሳምንት አንዱን ቀን ሰጠኋት ስትል የሰጠሃት የሐራራውን ቀን ነው። ክፋት አስበህ እንዳላደረግከው እናውቃለን፤ ሰዓቱን የቆጠረልህ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ «ጫት የሚቅመው ሰው ወይስ የማይቅመው አውሬ» የሚለው ምርጫ ትክክለኛ አይመስለንም። አውሬ ያልከው ለአራት ቀን ያየኸውን ነው፤ እነዚያ አራት ቀናት ደግሞ ከሁሉም የከፉት ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመት ያህል በየማታው ዶፓሚኑ ሲለቀቅለት የኖረ አንጎል በድንገት ሲቀርበት ይደክማል፣ ያዝናል፣ በጥቃቅኑ ይቆጣል፣ ይርበዋል፣ ቀን ይተኛል። ዱካኩም ከዚሁ ነው። አነቃቂ ነገሮች ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ተጭነው ይይዙታል፤ ሲነሡለት የቀረበትን ሊያካክስ በኃይል ይመለሳል። ሰውነትህ ገና እንደተኛ አእምሮህ ሲነቃ ደረትህ ላይ የተቀመጠብህ ይመስልሃል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ በሁለተኛው ሳምንት እየረገበ ይሄዳል። አንተ የተመለስከው ከአቀበቱ አናት ላይ ነው።

ሱስ ነው አይደለም ለሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አናጥፋ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ጫት ሱስ የማስያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር መግባት አያስፈልገውም ብለዋል፤ እንደ ሄሮይን አድርገው የሚያወሩትም ልክ አይደሉም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ለመተው ሞክሮ ያልቻለ፣ ለሚስቱ የሚዋሽ፣ ለመተኛት መጠጥ የሚያስፈልገው ሰው ስሙ ምንም ይሁን ምን እርዳታ ይገባዋል።

አሁን ስለ ሳህኑ። ኬሚስትሪው ንዴቱ ከየት እንደመጣ ይነግርሃል እንጂ እጅህን ነጻ አያወጣውም። ባለቤትህ ይቅርታ ይገባታል፤ ከይቅርታውም ጋር እውነቱ። ከመተውህ በፊት ንገራት የምንልህ በብልሃት ነው። ሳትነግራት ብትተወው በሦስተኛው ቀን የሚመጣው ኩርፊያ ለእሷ የትዳር ጠብ ይመስላታል፤ ስትነግራት ግን ቀን የተቆረጠለት ሕመም ይሆናል። ጥሩው ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከምርቃናም ከሐራራም የራቀ። በምርቃና ውስጥ ሆነህ እንዳትነግራት፤ ያኔ የገባኸውን ቃል በማግስቱ አታገኘውም። ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም። «ሒሳብ መዝጊያ ያልኩሽ ውሸት ነበር። ገረባውን እንዳገኘሽ አውቃለሁ። ሳህኑን የወረወርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ልተው ነው፤ የምከፋባቸው ቀናት አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ልንገርሽ።» ከዚያ ዝም በል። ብታለቅስም ብትቆጣም አድምጣት፤ ዝም ብላ የከረመች ሴት ብዙ የምትለው ይኖራታል። ምናልባት እስካሁን ያልጠየቀችህ ያንን ንዴት ዳግም እንዳትቀሰቅሰው ፈርታ ይሆን?

አንድ ነገር ደግሞ አብራችሁ ወስኑ። ንዴቱ ሲነሣ አንተ ያለ ክርክር ከቤት ወጥተህ ሃያ ደቂቃ ትራመዳለህ፤ እሷም አትከተልህም። «እጁን ያነሣብኛል» ብላ ከፈራች፣ ወይም አንተ ራስህን ካላመንክ፣ ካቆምክ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት አንተ ወንድምህ ወይም ዘመድህ ዘንድ እደር። እሷን ነፍሰ ጡር ሆና ከቤቷ ማስወጣት አይገባም።

የመተው መንገዱን በተመለከተ በአንድ ቀን ቆርጦ መተውም ይቻላል፤ ጫት እንደ መጠጥ በድንገት ሲቆም ሕይወትን አደጋ ላይ አይጥልም። ለአንተ ግን ካለፈው ሙከራህ ተነሥተን ሦስት ሳምንት የሚፈጅ መንገድ እንመርጣለን። መጀመሪያ መጠንህን እወቅ። እስር ወይም ብር አይለካም፤ ሚዛን ያስፈልግሃል። ከመጀመርህ በፊት እስሩን መዝን፤ ስትጨርስ እንጨቱንና የጣልከውን ገረባ መዝን፤ ልዩነቱ የበላኸው ነው። ነጋዴው የረጨው ውኃ ክብደቱን ስለሚጨምር አራግፈህ መዝነው። ሦስት ቀን መዝነህ አማካዩን ጻፍ። የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ይህ አያስቸግርህም።

እንበልና 200 ግራም ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት 150 ግራም ይሁን፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አንድም ቅጠል እንዳትጨምር። እንቅልፍህ የሚመለሰው ከመጠኑ ይልቅ በሰዓቱ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለህ ስታቆም ካቲኑም ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይሄድልሃል። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ፣ 100 ግራም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ 50 ግራም፣ ሐሙስ 50 ግራም፤ እሷ የመጨረሻዋ ትሁን። ሐሙስን የመረጥነው ከባዶቹ ቀናት ቅዳሜና እሑድ ላይ እንዲውሉ ነው። የሚቻልህ ከሆነ ዓርብና ሰኞን የዓመት ፈቃድ ውሰድ። የወር መዝጊያን፣ በተለይ የሰኔን መዝጊያ ሽሽ።

ይህ ዕቅድ የሚፈርስባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። አንዱ መጠኑን ቀንሶ ጠንከር ወዳለ ዓይነት መዞር ነው፤ ዓይነቱን ብትቀይር ሚዛንህ ይዋሻል። የለመድከውን ዓይነት እስከ መጨረሻው ይዘህ ዝለቅ። ሁለተኛው «ለጋውን ልተውና የበሰለውን ቅጠል ልቃም» ማለት ነው። የበሰለው ቅጠል ካቲኖኑ ያንሳል፤ ካቲኑ ግን አለ፤ ያለ ምርቃና እንቅልፍ ታጣለህ። ሦስተኛው የቀረውን በቡና መሙላት ነው። ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ሁለት ስኒ ይበቃል። አራተኛው ደግሞ በባዶ ሆድ መቀመጥ ነው፤ ሐራራው የሚበረታው ራት ባልተበላበት ማታ ነው። በማትቅምበት ቀን ከሥራ ስትወጣ መንገድህን ቀይረህ በቀጥታ ቤት ግባ፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ራት ብላ። ለባለቤትህ ምንም ሳትናገር ብዙ ትነግራታለህ።

የጨብሲው ነገር ከጫቱ ያላነሰ ያሳስበናል። ቢራው ካቲኑን አያስወጣውም፤ በላዩ ላይ ማደንዘዣ ይደርብበታል እንጂ። ልብህ አሁንም በፍጥነት እየመታ ነው፤ አንተ ግን አይሰማህም። በአልኮል የመጣ እንቅልፍ ደግሞ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ይቆራረጣል። ጫቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ካቆምክ ጨብሲ አያስፈልግህም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቀንሰው። ሁለት ሦስት ቢራ ያልከው በእርግጥ ሁለት ሦስት ነው? ጠዋት ካልጠጣህ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልብህ ከሆነ መጠጡን በራስህ በድንገት አታቁም፤ ያኛው ሐራራ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ከመጨረሻዋ ሐሙስ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች ቀድመህ ተዘጋጅላቸው። ጠዋት ቅዳሜም ቢሆን በአንድ ሰዓት ተነሣ፤ ቀን እንቅልፍ ከጣለህ ለግማሽ ሰዓት ብቻ አሸልብ። ዓይንህ ከከበደህ አትንዳ። ማታ በጀርባህ ሳይሆን በጎንህ ተኛ፤ ዱካክ በጀርባ የተኛን ሰው ይወዳል። ትንሽ መብራት ይብራ። ባለቤትህ ስትጮኽ ከሰማች በስምህ ጠርታ ትከሻህን ትንካህ፤ ይህን አስቀድመህ ካልነገርካት እሷም ትደነግጣለች።

የደም ግፊቱን ጉዳይ በይደር አታቆየው። ካቲኖን የደም ሥርን ያጠብባል፣ ልብንም ያስሮጣል፤ ከቃምክ በኋላ ለሦስት አራት ሰዓት ግፊት ከፍ ይላል። 148 በ94 የወጣው ማታ ቅመህ፣ ሳትተኛ አድረህ፣ ቡና ጠጥተህ ከሆነ እውነተኛው ግፊትህ ላይሆን ይችላል። ማታውን ሳትቅም ባደርክባቸው ሦስት ቀናት ጠዋት ጠዋት፣ ከቡና በፊት፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠህ፣ ክንድህን በልብህ ትይዩ አሳርፈህ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለካ። አሁንም 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቁጥሮቹን ጽፈህ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስ። በዚህ ጊዜ እንደምትቅም ተናገር፤ ሐኪሙ ሳያውቅ የሚያዝልህ መድኃኒት ከጫቱ ጋር ሊጣላ ይችላል። ጉንፋን ሲይዝህ ሱዶኤፌድሪን ያለበትን እንክብል አትውሰድ፤ የካቲን የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ግፊትን በላይ በላይ ይጨምራል። አምፒሲሊን ከታዘዘልህም እየቃምክ አትዋጠው፤ ጫት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል። ደረትህን ቢጨመድድህ ወይም በአንድ ወገን ቢደነዝዝህ ግን ማንንም ሳትጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ግባ።

የጨጓራህ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት ካለብህም እሱ፣ አፍ ከሚያጣብቀው የቅጠሉ ታኒን እና ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ከሚያደርገው ከካቲኖን ነው። ስታቆም ብዙው ይሻሻላል። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ሳትውል ሳታድር ታይ።

ለአጎትህ ልጅ መልስህ «አይሆንም» ይሁን። ሲደርቅ ካቲኖኑ ይቀንሳል እንጂ ተሟጦ አይጠፋም፤ ካቲኑም አብሮት አለ። አሜሪካ ውስጥ ካቲኖን እጅግ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው የቁጥጥር መደብ ውስጥ ነው፤ ካቲንም በሌላ መደብ የተያዘ ነው። በሻይ ቅጠል ስም መላክ ደግሞ ለአንተም ለእሱም ሌላ ወንጀል ይጨምርበታል። በደረቁ መተካትም ለአንተ አይጠቅምህም፤ ሐራራህን ሳያስታግስ እንቅልፍህን ይወስድብሃል።

የቀሩት ጓደኞችህ ናቸው፤ ይህ ከሁሉም የሚያምህ ይመስለናል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እግርህ ወደዚያ ቤት ነው የሚሄደው። ከሦስቱ መካከል ልጅህ ሲወለድ መጀመሪያ የምትደውልለት ማን ነው? ያንን ሰው ለብቻው ቡና ጋብዘውና ንገረው። «ተዉ» አትበላቸው፤ «እኔ ለሦስት ወር አልመጣም፤ እሑድ ከሰዓት ግን ቤቴ ኑ» በላቸው። አንዳንዱ አይመጣም። የሚመጣው ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ ዝም የማይልህ ጓደኛ ነው።

እርዳታ የምትፈልግባቸውን ምልክቶች ለባለቤትህም ንገራት። ሰዎች ስለ እኔ ያወራሉ ወይም ይከታተሉኛል የሚል ጥርጣሬ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ወይም ሁለት ሳምንት አልፎ የማይለቅ ሐዘን ከመጣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው በአቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል ሂዱ፤ አዲስ አበባ ከመጣችሁም አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። የድብርት መድኃኒት ከተጀመረልህ እየቃምክ እንደነበር አትደብቅ፤ አንዳንዶቹ ከካቲኖን ጋር ሲገናኙ ግፊቱን አደገኛ ደረጃ ላይ ያደርሱታል።

ብትስትና በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ ሙሉ በርጫ ብትቀመጥስ? እሱንም መዝነው፤ ስንት ግራም፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ብለህ ጻፈው፤ በማግስቱ ጠዋት ለባለቤትህ አሳያት። ከዚያም ካቆምክበት ቀጥል፤ ሚዛኑን እንደ አዲስ ከ200 አትጀምረው። የመጨረሻዋ ሐሙስ ከወር መዝጊያ ጋር የማትገጥም ከሆነ የመጀመሪያው ሚዛን የፊታችን ሰኞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ያለችውን ቅዳሜ ጠዋት ግን ለእሷ አድርጋት።